ይህች ልጅ ለማን ተላጨች?

ምላጭ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም፤ ደረቅ ፀጉር ላይ ሲሄድ ግን አሮጌ ሰሌን እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ያወጣል። ዛሬም ሹም አቦ ካለው ቤቴ ወጥቼ በወንዶች ፀጉር ቤት በር ሳልፍ፣ ባለሙያው ማሽኑን አጥፍቶ የአንድ ሽማግሌ ማጅራት በምላጭ ሲያስተካክል ያንን ድምፅ ከሰማሁ፣ እጄ ሳላዘው ወደ አናቴ ይሄዳል፤ ፀጉሬ በቦታው መኖሩን ዳስሼ ካረጋገጥሁ በኋላ ነው መንገዴን የምቀጥለው። የሚያየኝ ሰው ነጠላዬን የማስተካክል ይመስለዋል። ይምሰለው። ለሰው ሁሉ ሁሉን የምናገር ሴት አይደለሁም። ይህንንም የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ፈልጌ አይደለም፤ በዘመዶቼ መካከል ስለ እኔ ሲወራ የኖረው ነገር ውሸት ስለሆነ ነው።

ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። ያኔም ነበር፣ ነጭ ሆኖም ያው ነው። እናቴ ይህን ቃል የላም ቀለም እንደምትጠራ ሁሉ በቀላሉ ትለው ነበር፤ የአባቴ እህት ትጓደድ ግን የበሽታ ስም እንደምትጠራ አድርጋ ነበር የምትለው። በሕይወት ሳለች «እርስዎ» እላት ነበር። እዚህ ግን እሳቸው አልላትም፤ ነውር ነው የሚል ካለ የራሱን አክስት አክብሮ ይጻፍ።

በበጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቴ ሳፋውን ውሃ ሞልታ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠውና፣ ውሃው ለብ ሲል እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ፀጉሬን ታጥበኝ ነበር። ዘፍዝፋ ያሳደረችውን የተልባ ውሃ አጥልላ ታፈስብኝና፣ ፀጉሬ ሲያሟልጭ መጀመሪያ በጣቶቿ፣ ቀጥላም በእንጨት ሚዶ፣ ከጫፉ ጀምራ ወደ ሥሩ እየወጣች ትፈታው ነበር። «ከርዳዳ ፀጉር በደረቁ አይነካም» ትለኝ ነበር፣ «ከሥሩ የሚጀምር ሰው ደግሞ ቋጠሮውን ሁሉ ጫፉ ላይ ሰብስቦ ይነቅለዋል።» ለዘወትር የሽምብራ ፍሬ የምታህል ለጋ ቅቤ ብቻ መዳፏ ላይ አሽታ ሥር ሥሩን ትቀባኝና፣ ወፈር ወፈር ያለ ሹሩባ ወደ ኋላ ትሠራኝ ነበር፤ ስተኛ በሻሽ ካሰርሁት እስከ ሳምንቱ ይቆያል። ይህን ሁሉ ስታደርግ ፀጉሬን የምትቀጣ ሳይሆን የምታነጋግረው ነበር የሚመስለኝ፣ እኔም ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፌ አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

የበዓል ሹሩባ ግን የጎረቤታችን የወይዘሮ ይታይሽ ሥራ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽ የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ የሚሠሩ፣ በወስፌ ጫፍ መስመር እያወጡ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት ክር የመሰለ ሹሩባ የሚያወርዱ፣ አፋቸውም ከእጃቸው የማያንስ ሴት ነበሩ። ሲያመኝ ከተወራጨሁ «አርፈሽ ተቀመጪ! ይህን ፀጉር ሠርቼ ስጨርስ እኔ ራሴ እሸብታለሁ» ይሉ ነበር። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ላላ ያድርጉላት፣ ይቱ፤ የጠበቀ ሹሩባ ግንባር ያስመልጣል» ትላቸዋለች። ለጥምቀት እንዲህ ተሠርቼ፣ አናቴ ላይ ቅቤው ጉብ ብሎ፣ አባቴ ከብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦኝ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወስደኝ፣ ፀሐዩ ቅቤውን አቅልጦ ጆሮዬ ሥር ያወርደው ነበር፤ የሐይቁም ነፋስ ማጅራቴን ሲነካኝ ከእኔ በላይ ቆንጆ ልጅ በባሕር ዳር ያለች አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው ሌላ ነገር ነግሮኛል፤ እኔ ግን የነፋሱን ነበር የማምነው።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ እናቴ ጉልበቷን እያመማት መራመድ ስለከበዳት፣ ፍል ውሃ ልትነከር ወንዛዬ ሄደች። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ፣ ቤቱን እንድትይዝለት እህቱን ከዱርቤቴ አስመጣ። ትጓደድ ባሏ የሞተባት፣ ከል ከላይዋ የማይለይ፣ አባቴንም እንደ ታናሽ ወንድም ሳይሆን እንደ ልጅ የምታዝ ሴት ነበረች። እኩያዬ የሆነችውን ልጇን ስመኝን ይዛ መጣች። የስመኝ ፀጉር ዞማ ነበር፤ ሲፈታ ወገቧ ላይ ይወርድ ነበር። ትጓደድ ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጣ «የኔዋን ሳበጥር ሐር ነው፤ ያንቺን ሳበጥር አጥር የምጥስ ነው የሚመስለኝ» ትል ነበር። እኔን የምታበጥረኝ በደረቁ፣ ከሥሩ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን የእናቴ ሚዶ ጥርሱ ሲሰበር እንኳ «ጥርሱን በላችው!» ብላ የጮኸችው እኔ ላይ ነው።

ስመኝ ራሷን ማከክ ጀመረች። አንድ ጠዋት ትጓደድ ሹሩባዋን ስትፈታ፣ ከዚያ ሐር ሥር ክብ፣ ነጭ፣ ፀጉሩ የረገፈ ቦታ አገኘች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ቆረቆር ነበር። ዛሬ ቢሆን ክኒን ተውጦ የሚድን ነገር ነው፤ ያኔ ግን ስመኝ በዱርቤቴ በኩል ለአንድ ደህና ቤተሰብ ልጅ ታጭታ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀኑ ብቻ ነበር የቀረው። ሙሽራዋ ቆረቆራም ናት ከተባለ ነገሩ ያበቃ ነበር። ትጓደድ ድኝ ገዝታ በቅቤ ለውሳ፣ ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግታ ልጇን መቀባት ጀመረች። የድኝ ሽታ ግን በር አይዘጋውም። በማግስቱ ወይዘሮ ይታይሽ በአጥር ላይ ብቅ ብለው «እትዬ ትጓደድ፣ ድኝ ሸተተኝ፤ ማንን ነው ቆረቆር የያዘው?» ብለው ጠየቁ።

ትጓደድ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም። ሰው ገበያ ላይ በግ ሲመርጥ እንዲህ ነው የሚያየው።

«ይህችን ነው እንጂ» አለች፣ «እዚህ ከርዳዳ ውስጥ ምን የማይራባ አለ!»

ወዲያው በርጩማውን ግቢው መሐል፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ በሚያይበት አስቀምጣ ጠራችኝ።

«ነይ ወዲህ።»

«ምን አደረግሁ፣ እትዬ?»

«ለራስሽ ነው። ቁጭ በይ።»

«እኔን አያሳክከኝም እኮ!»

«ያሳክክሻል።»

ውሃ እንኳ አላስነካችኝም። ደረቅ ፀጉሬን በመቀስ ከርክማ፣ የቀረውን በምላጭ ላጨችው፤ ያ ሰሌን የሚቀደድበት ድምፅ ያኔ ጆሮዬ ገባና እስከ ዛሬ አልወጣም። ወይዘሮ ይታይሽ ሊያዩ ገባ ቢሉ «አይጠጉ፣ ይጋባል!» አለቻቸውና እዚያው በር ላይ ቀሩ። ፀጉሬ መሬት ላይ ወድቆ ዶሮዎቹ ይጭሩት ነበር። ስመኝ ሻሿን በእጇ ይዛ ከደጃፉ ታየኝ ነበር። አላለቀስሁም። ንጹሕ ራሴ ላይ ድኝ ስትቀባኝ፣ አናቴን በአንድ እጇ ጨምቃ ይዛኝ ነበርና፣ ቀና ብዬ ፊቷን ብቻ እመለከት ነበር። «ምን ታፈጫለሽ?» አለችኝ። ማየቴን አልተውሁም። ሲያልቅ አሮጌ ሻሽ ወረወረችልኝ፤ አንስቼ አጥሩ ላይ ሰቀልሁት፣ እዚያው ዝናብ እስኪያበሰብሰው ቀረ።

አባቴ ከሥራ ሲመጣ አየኝና ደነገጠ። «ምነው?» አለ። እህቱ «ቆረቆር» አለችው። «እ... ያድጋል» አለና ምሳውን በላ። አባቴ ደግ ሰው ነበር ይሉኛል። ደግ ነበር፣ እህቱ በሌለችበት።

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ባራሰ ሰሞን፣ እናቴ ከተባለው ቀን ቀድማ፣ ማንም ሳይጠብቃት ከወንዛዬ መጣች። እኔ በራችን ፊት ከሰፈር ልጆች ተለይቼ ጠጠር እጫወት ነበር፤ ቆረቆር ይጋባል ተብሎ ማንም አብሮኝ አይጫወትም ነበርና። ትጓደድ ከሏን ለብሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ጓዟን በትከሻዋ፣ የፍል ውሃውን ጀሪካን በእጇ ይዛ፣ መንገዱን ስትታጠፍ አየኋት፤ ልሮጥ ስነሳ ቀድማ ራሴን አየች። ከዚያ በደጃፉ ላይ ያለውን ጥቁር ልብስ አየች።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ራሷን ተላጭታ ከታየች ከቤቷ ሬሳ ወጥቷል ማለት ነው። እናቴ ጀሪካኑን ጥላ ደረቷን ደቃች።

«ወይኔ! ወይኔ ባሌን! ሳትነግሩኝ ቀበራችሁት!»

ትጓደድ ብድግ አለች። እናቴ ከመናኸሪያ መምጣቷ ስለሆነ፣ የፋብሪካ አደጋ ሰምታ መጣች ብላ አሰበች መሰለኝ፣ «ምን ሰማሽ? ወንድሜ ምን ሆነ?» ብላ እሷም ጮኸች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እናንተ አይደላችሁ የቀበራችሁት!»

«ወይኔ ወንድሜን!»

ሁለቱ ተያይዘው ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። አንዷ ጎረቤት ሌላዋን «ማን ነው የሞተው?» ብትላት «እኔ ምኑን አውቄ፣ አልቅሺ እንጂ!» ስትላት ሰምቻለሁ። እኔ ብቻ መሐል ቆሜ «አባባ ሥራ ሄዷል፣ አባባ ሥራ ሄዷል» እል ነበር፤ የተላጨች ልጅ የምትለውን ማን ይሰማል። ልቅሶው ደርቶ ሳለ አባቴ ቱታውን እንደለበሰ፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ፣ በብስክሌቱ ከጠዋት ፈረቃ መጣ። ሰዉን ሲያይ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ተጠጋና ወይዘሮ ይታይሽን ቀስ ብሎ «የማን ልቅሶ ነው?» አላቸው።

«ያንተ!» አሉት፣ ጉንጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

ሰዉ መሳቅም ማልቀስም አቃተው። እናቴ አባቴን ደረቱን ዳስሳ፣ ፊቱን ዳስሳ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ ቀና ብላ እኔን አየችና፣ በቀዘቀዘ ድምፅ ጠየቀች።

«ታዲያ ይህች ልጅ ለማን ነው የተላጨችው?»

ትጓደድ እንባዋን እየጠረገች «ቆረቆር ይዟት ነዋ! የኔንም ልጅ እንዳታስይዝብኝ ብዬ» አለች።

እኔ ወደ ሰዉ መሐል ገባሁና ራሴን ዝቅ አድርጌ «ይኸው፣ እዩኝ! ዳስሱኝ!» አልሁ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወይዘሮ ይታይሽ መጥተው፣ ከሹሩባ ብዛት የጠነከሩትን ጣቶቻቸውን አናቴ ላይ አሳረፉና፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮዬ ቀስ ብለው ዳሰሱኝ።

«ይህ ራስ የእንቁላል ቅርፊት ነው» አሉ። «ቆረቆር የሚባል ነገር ረግጦት አያውቅም።»

እናቴ ተነስታ ስመኝ አጠገብ ሄደች። ጎንበስ ብላ አሸተተቻት፤ ከቅቤው ሥር ድኙ ሳይሸታት አልቀረም። «የኔ ልጅ፣ ሻሽሽን አውልቂልኝ» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ።

«የልጄን ራስ ማንም አይነካም!» ብላ ትጓደድ ስመኝን ጎትታ ቤት አስገባቻት። እናቴ ልትከተል ስትል አባቴ ክንዷን ያዛት።

«ተይ በቃ፣ እህቴ ናት። በሰው ፊት አታዋርጃት።»

እኔ በሰው ፊት፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ እዚያው ቆሜ ነበር። የእኔን ከውርደት የቆጠረው አልነበረም።

ትጓደድ በማግስቱ ጓዟን ጠቅልላ ልጇን ይዛ ወደ ዱርቤቴ ተመለሰች፣ ወሬውን ግን እኛ ዘንድ ጥላው ሄደች። ክረምቱን በሙሉ የሰፈር ልጆች «ቆረቆር መጣች!» እያሉ ሲሸሹኝ፣ እናቴ «ነጠላ ጣል አድርጊበት» ብትለኝም እምቢ ብዬ ራሴን ሳልሸፍን እወጣ ነበር፤ ዝናቡ ራሴን ሲመታው ደስ ይለኝ ነበር፣ የሚያዩኝም ሁሉ እንዲያዩ እፈልግ ነበር። እናቴ ማታ ማታ የሚበቅለውን ፀጉር በመዳፏ እያሸች «ያው ራሱ ነው የመጣው፤ አንድም ክር አልተለወጠም» ስትለኝ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር፣ እኔ ግን እኮራ ነበር።

ለቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ የሰፈሩ ልጃገረዶች ሐይቁ ዳር ወዳለው ረግረግ እንግጫ ልንነቅል ወጣን። እንግጫ ረጅም ሣር ነው፤ ልጃገረዶች ነቅለው፣ እንደ ሹሩባ ጎንጉነው፣ አደይ አበባ ሰክተውበት፣ በአዲሱ ዓመት ጠዋት የቤተሰቡ ሰው ሁሉ አናት ላይ ያስሩታል፣ የታሰረለትም ይመርቃል። ልጆቹ ከእነሱ ጋር ሆኜ እንዳልነቅል አራቁኝ፤ ብቻዬን ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነቀልሁ። ፀጉር የሌለኝ እኔ፣ ከወይዘሮ ይታይሽ እጅ ያየሁትን ሁሉ በሣሩ ላይ አወጣሁት፤ ቀጭን ጎነጎንሁ፣ ጥብቅ ያለ ጎነጎንሁ። አንዱን ረጅሙን ገና ጣት የማያስይዘው ፀጉሬ ላይ አክሊል አድርጌ አሰርሁና በመንገዱ መሐል ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ ትጓደድ ልጇን አስከትላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ለአባቴ አሰርሁለት፣ ለእናቴ አሰርሁላት፣ ወይዘሮ ይታይሽንም በአጥር ጠርቼ አሰርሁላቸው። ለስመኝ እንኳ በሻሿ ላይ አሰርሁላት። ትጓደድ የራሷን ተራ ጠብቃ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ለእኔስ?»

«አለቀብኝ፣ እትዬ» አልሁ። አንዱ እጄ ላይ ነበር፤ እያየችኝ ሄጄ በረንዳው ሥር የታሰረው የበዓሉ በግ አናት ላይ አሰርሁት። አባቴ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ ወይዘሮ ይታይሽ ከአጥሩ ወዲያ «ይመርቅሽ!» ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ትጓደድ ራሷን ቀና እስክታደርግ ድረስ ጊዜ ወሰደባት።

ስመኝ ተዳረች፣ ወለደች፣ ከበረች። እኔም ተምሬ፣ ሠርቼ፣ ጡረታ ወጣሁ። ዘመዶቼ ግን ሠርግ ላይ ልጆቻቸውን ሲያስተዋውቁኝ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «ያቺ በልጅነቷ ቆረቆር የነበረባት» ሲሉ እሰማ ነበር። ትጓደድ ፊት ይባል ነበር፣ ትጓደድም ዝም ትል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም አለች።

አምና ዕድሜ ጠግባ ሞተች። ዱርቤቴ ለቀብር ከመሄዴ በፊት፣ ጠዋት ፀጉሬን በተልባ ውሃ ታጥቤ፣ ከጫፉ ጀምሬ ፈትቼ፣ ሰፈራችን ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ስልካቸውን ይነካካሉ፣ አንዷ የሌላ ሰው ፀጉር ታሰፋለች።

«በፔይስትራ ቀጥ ላድርግልዎት፣ እማዬ?» አለችኝ ልጂቱ። «ቀለምም ብንቀባው ሃያ ዓመት ነው የሚቀንስልዎት።»

«ዓመቶቼን ተዪልኝ። ሹሩባ ሥሪኝ፣ ቀጭን፣ ግን አታጥብቂው።»

«ለሠርግ ነው?»

«ለቀብር።»

ቀልድ መስሏት ስቃ ሠራችኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ፈትተው፣ የቅርቦቹም ተላጭተው ነበር፤ በዚያ በኩል ልማዱ ገና አልቀረም። ስመኝ እናቷን ስታለቅስ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ ነበር። አየሁት። ዕድሜዋን ሙሉ በሻሽ፣ ኋላም በዊግ የሸፈነችው አናቷ ላይ፣ ምላጩ ካለፈበት መሐል፣ ፀጉር በቅሎባቸው የማያውቁ ክብ ክብ የሚያብረቀርቁ ጠባሳዎች ነበሩ። ቀና ብላ ሹሩባዬን ስታይ ልቅሶዋን አቋረጠች።

«ለእናቴ ሹሩባ ተሠርተሽ መጣሽ? ፀጉርሽን እንኳ አትፈቺላትም?»

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለዚህች ቀን ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሲደርስ የቀረኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ለእናትሽ ድሮ ተላጭቼላታለሁ፣ ስመኝ። ሁለቴ አልላጭም።»

ሴቶቹ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ የእሷን ራስ አዩ። ስመኝ እጇን ወደ አናቷ ወስዳ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ ነካች፣ ነጠላዋን ግን አልሳበችም።

«አውቃለሁ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እኔ ነበርሁ።»

ከጎኗ ተቀመጥሁ። አላቀፍኋትም።

ያኔ ራሴ የፈለገ ሁሉ የሚያዝዝበት ነበር፤ አክስት ትላጨዋለች፣ አባት ያድጋል ብሎ ያልፈዋል፣ ልጆች ስም ያወጡለታል። ዛሬ ያው ከርዳዳ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሳልፈቅድ ማንም አይነካውም፤ የሚያጥበውም፣ የሚፈታውም የእኔ እጅ ነው። የእናቴ እጅ ግን አይደለም፣ ይህን ማንም አይመልስልኝም። በራችን ፊት እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጣ የጠየቀችውን ጥያቄ ማንም ሳይመልስላት ሞተች፤ ስለዚህ እኔ እመልሳለሁ። ለማንም ሞት አልነበረም፣ እማዬ፤ የተላጨሁት ለስመኝ ሠርግ ነው። ያንን ሹሩባም እስከ ትጓደድ ተዝካር አልፈታሁትም።